አራተኛው ቁልፍ

«ዛሬን ብቻ ቤት ይዋል» አለ ታላቅየው። ይህን ያለው ታናሽየው እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሳለ ነው። ዝናብ ሊመጣ ነውና ምንጣፉን አስገቡት እንደሚባለው ዓይነት ነበር አባባሉ። ልብስ ሰፊዋ እህታቸው መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር፤ ቀና አላለችም፤ ክሩ ግን ቀዳዳውን ስቶ አለፈ። ቤቷ አንድ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለባት ናት። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ ጠረጴዛው፣ የደንበኛ ልብስ የተንጠለጠለበት ሽቦና የታናሽየው ፍራሽ፤ ከመጋረጃው ወዲያ እግራቸው ከከዳቸው የሰነበቱት እናታቸው። ታላቅየው እዚህ ቤት ብቅ የሚለው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ በሥራ ቀን በማለዳ ከነክራቫቱ ሲገባ እናቲቱ ደግ ወሬ ጠብቀው «እሱ ነው?» ብለው ከትራሳቸው ቀና ብለው ነበር። «ቤት ይዋል» የሚለውን ሲሰሙ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ አለ፤ ወደ ግድግዳው መዞራቸው ነው። በዚያ ቤት ወደ ግድግዳ መዞር እንደ መልስ ይቆጠራል።

«ለምን ይዋል?» አለች እህት፣ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንሥታ።

«እሱና ጓደኞቹ የሚማሩበትን ክፍል የሚያየው ኮሚቴ ዛሬ ነው የሚሄደው። ይቀጥሉበት ወይስ ለሌላ ሥራ ይሰጥ የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን። እኔም አለሁበት።»

«አንተ ካለህበት እሱ ምን አጠፋ?»

ታላቅየው ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «መሥሪያ ቤት ማለት አፍ ነው። እኔ የቤቴን ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም።»

«ወንድም የለኝም ብለሃቸዋል።»

«አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።»

እህት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። መበጠስ አልነበረበትም፤ ገና አልሰፋችበትም። ደሟ ሲፈላ እጇ እንዲህ ነው የሚያደርጋት። ታላቅየው ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገበያውን ዘረጋ፦ እሱ ድምፁን ይሰጣቸዋል፣ ሰብሳቢዋንም ያግባባል፣ ክፍሉ አይዘጋም፤ የሚጠይቃት አንዲት ነገር ብቻ ነው፣ ለአንድ ቀን ይህ ሰው ከዓይን ይራቅ። ይህን ሲል አንዴም ወደ ታናሽየው አላየም። አእምሮው ቀስ የሚል ሰው ጆሮው የማይሰማ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ታናሽየው ግን ዳቦውን ካስቀመጠ ቆይቷል።

«ለነገሩ እስቲ ልጠይቅሽ» አለ ታላቅየው፣ ነገሩን በሳቅ ሊያለሳልሰው ፈልጎ። «እውነት ኮምፒውተር ይማራል? ለዶሮ መነጽር እንደ መግዛት አይሆንም?»

«ዶሮዋ ያለ መነጽርም ማን ቤቷን እንደረሳ ታያለች» አለች እህት።

ከመጋረጃው ወዲያ «ተይው ልጄ፣ ኑሮው ነው» የሚል ድምፅ መጣ። «የማን ኑሮ እማዬ?» ብላ ጠየቀች። የአልጋው ሽቦ እንኳ አልመለሰም።

ታላቅየው ሊነሣ ጃንጥላውን ሲያነሣ ታናሽየው ተናገረ። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ትመጣለህ?»

«ሥራ ነው» አለ ታላቅየው ለጃንጥላው።

«ቁልፍህ አለ እኮ። ትጫነዋለህ።»

ታላቅየው የምን ቁልፍ እንደሆነ አልጠየቀም። እህቱን «አደራ» በሚል ዓይን አይቶ ወጣ። ያልጠጣው ሻይ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ታናሽየውን ሰፈሩ በሙሉ «አለቃ» ነው የሚለው። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዘልሏል፤ ጺሙ መሸበት ጀምሯል። ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው፤ ማንም ሳይሾመው ሰልፍ ያስከብራልና። አስተናባሪ ነኝ ባይ ሰልፍ ሻጭ ጉቦ ይበላል፤ አለቃ አይበላም። ያን ጠዋት እህቱ በውስጧ ገበያውን ስትመዝን ነበር፤ አልመዘነችም ማለት ውሸት ነው። አንድ ቀን ቤት ቢውል የሁሉም ክፍል ይተርፋል። ከእሱ ጋር የሚማሩት ሌሎቹስ ምን አደረጉ? እንዲህ እያለች ቀና ስትል፣ አለቃ ጸጉሩን በውሃ አርጥቦ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በሩ ላይ ቆሟል። «እታለም፣ ሰዓት ደረሰ። ወንድም ጋሼ ቀድሞን ይደርሳል» አለ። የመዘነችው ሁሉ እዚያው ተደፋ። የደንበኛዋን ቀሚስ ሽቦው ላይ መልሳ ሰቀለችና ነጠላ ጫማዋን ቀየረች።

ፌርማታው እንደ ወትሮው ነበር። «አለቃ፣ እኔን ዛሬ አስቀድመኝ፤ ቸኩያለሁ» አለ አንድ ቦርሳ ያነገበ ሰውዬ። «ሕግ ነው። ከኋላ» አለው አለቃ። ሰልፉ ሳቀ፤ ሰውዬውም እየሳቀ ወደ ኋላ ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ትኬት ቆራጩ አለቃን ዘሎ እህትን «እሱስ የት ነው የሚወርደው?» አላት። «አፍ አለው፣ ጠይቀው» አለች። ቆራጩ ትከሻውን ነቀነቀ። በየቀኑ የምትውጠው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ጠጠር ጠጠር። ዛሬ ግን የጠዋቱ ድንጋይ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ስለነበር ጠጠሩ አልወርድ አላት።

ክፍሉ ከወጣቶች አዳራሽ ጀርባ የነበረ የዕቃ ማከማቻ ነው። መስኮቶቹ ከፍ ብለው ጣሪያው ሥር ነው ያሉት፣ ሰው እንዲያይባቸው ሳይሆን አየር እንዲያልፍባቸው ብቻ የተሠሩ። በሩ ላይ መምህሯ በእጇ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ጎልማሶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርት» ብላ ጽፋ ለጥፋለች፤ ከሥሩ አንዱ ባለጌ በእስክሪብቶ «ጉድ ሳይሰማ…» ብሎ ጨምሮበታል። መምህሯ ወረቀቱን ቀይራው ነበር፤ ባለጌውም ተመልሶ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ተወችው። ቀጭን፣ ድምፀ ወፍራም ወጣት ናት፤ አብረዋት የተማሩት ጥሩ ቢሮ ገብተው «አንቺ ግን ምን ነካሽ?» ይሏታል። ኮምፒውተሮቹ ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣሉ ናቸው፤ አንዱ ሲከፈት እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

እህት የመጀመሪያውን ቀን አትረሳውም። መምህሯ ኮምፒውተር ሳትከፍት መሐል ቆማ «ዛሬ ማሽኗ እኔ ነኝ፤ እዘዙኝ» አለቻቸው። ሁሉም ተፋፈሩ። በኋላ አለቃ «ውሃ ቅጂ» አላት። ማሰሮውን አንሥታ ብርጭቆው ላይ መቅዳት ጀመረች፤ ብርጭቆው ሞላ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ወለሉን አዳረሰ፣ ጫማዋን ዋጠው፤ እሷ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ ትቀዳለች። ጩኸት በጩኸት ሆነ። በመጨረሻ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ተማሪ፣ ለሁሉ ነገር «ለምን?» ስለሚሉ «እማማ ለምን» የሚባሉት፣ «አቁሚ ያላት ሰው የለም እኮ» አሉ። አለቃ «አቁሚ» አለ። ማሽኗ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽን ማለት ምን እንደሆነ በዚያ ክፍል የማያውቅ የለም፤ ብልጥም አይደለም፣ ክፉም አይደለም፣ ያሉትን ይሠራል፣ ያላሉትን አይሠራም። አለቃ በዕድሜው ሙሉ እንደዚህ ያለ የሚታመን ነገር አግኝቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ገቡ። ትእዛዞቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ጡብ ናቸው፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየገጠሙ ይቆለላሉ። «አብራ» የሚል ጡብ አለ፣ «ጠብቅ» የሚል ጡብ አለ፣ ሁለት አፍ ያለው ጡብም አለ፦ የላይኛው አፍ «ከሆነ»፣ የታችኛው አፍ «ካልሆነ»። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሥራ ይሠራል። የአለቃ ሥራ ቤት ነው። ስክሪኑ ላይ ጨለማ ክፍል፣ ጠረጴዛና አራት ወንበር ሥሎአል። ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ የተያያዘች ጣውላ ደግሞ አለችው፤ በላይዋ መምህሯ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የገዛቻቸው አራት የበር ደወል ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱ ሲጫን የቁልፉ ባለቤት ስክሪኑ ላይ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አራቱም ሲቀመጡ መብራቱ ቦግ ይላል፤ አለቃ ራሱ በድምፁ የቀዳው «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብሉ» ይሰማል።

ከየቁልፉ በላይ የባለቤቱ ፎቶ ተለጥፏል። ፎቶዎቹን ያገኘው በቤቱ አንድ ለእናቱ የነበረችውን የቤተሰብ ፎቶ በእህቱ የጨርቅ መቀስ አራት ቦታ ቆራርጦ ነው። ያን ቀን ሰፈር እስኪሰማ ጮኻበታለች። ለምን እንደቆረጠው ስታይ ደግሞ የጮኸችበት አፏ አስጠላት። እናቱ «ስለ እኔ አንተ ተጫንልኝ» ብለው ቃል ስለሰጡት የእሳቸውን እሱ ይጫናል። የእህቱን እህቱ ትጫናለች፣ የራሱን ራሱ። አራተኛው የታላቅየው ነው፤ ፎቶው ላይ ጸጉሩ የጎፈረ፣ የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ጆሮ የተዘረጋ ጎረምሳ። ያን ቁልፍ ማንም አይጫነውም። መምህሯም፣ እህትም፣ አለቃም። «እሱ ራሱ ነው። ቃል አልሰጠኝም» ይላል። ስለዚህ የአለቃ ሥራ አንድ ቀን እንኳ አልቆ አያውቅም። ሦስቱ ይቀመጣሉ፣ ማሽኑ «ጠብቅ» ላይ ይቆማል፣ ክፍሉ እንደጨለመ ይቀራል።

መምህሯ መጀመሪያ ሁለት አፍ ያለው ጡብ ያልገባው መስሏት ነበር። ወራት ለፋች። «ከዘነበ ጃንጥላ፣ ካልዘነበ ባርኔጣ» ስትለው ግን ሁለቱንም አፍ በአንዴ ሞላ። «ውሻው ከጮኸ፣ ካልጮኸ» ስትለውም ሞላ። ያን ጡብ ይዞ ወደ ራሱ ቤት ሲመለስ ብቻ ነው የታችኛውን አፍ ባዶ የሚተወው። «ካልመጣስ?» ትለዋለች። «ይመጣል እኮ» ይላታል። ነገሩ ካለመረዳት እንዳልሆነ የገባት ቀን ጥያቄዋን ትታ ሌላ ተማሪ ጋ ሄደች።

ኮሚቴው በጠዋት ይመጣል ተብሎ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መጣ። ተማሪዎቹ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ አንዱ «ሽንት ቤት ብሄድ ይመጡብኛል» ብሎ እግሩን እያጠላለፈ ተቀምጧል። የመጡት ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ሽቶዋ ቀድሟት የምትገባ፣ ለመልካም ነገር የተሰናዳ ፊት ያላት ሴት ናት። አብሯት ታብሌት የታቀፈ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ የተባለ ወጣት አለ። ታላቅየው በመጨረሻ ገባና በሩ አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን ይመረምር ጀመር፤ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። «እርጥበት አለው» አለ ለግድግዳው። ዘወር ሲል አለቃን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወደየት እንደሄደ እንጃ። ወዲያው ዓይኑ እህቱን ፈልጎ አገኛት፤ ራሱን በጣም በትንሹ፣ ከእሷ ሌላ ማንም በማያየው ልክ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ መጣህ» አለ አለቃ።

ሰብሳቢዋ ፈገግ አለች። «ሁሉንም ወንድም ጋሼ ነው የሚለው? ደስ ሲል።»

ይህች ለመስጠም ለተቃረበ ሰው የተወረወረች ገመድ ነበረች፤ ታላቅየውም ያዛት። «እነዚህ እንዲህ ናቸው» አለ። «ሰው ሁሉ ዘመዳቸው ነው።»

እህት የወንበሯን ጠርዝ ጨበጠች። ግን የጠዋቱን ገበያ ታስታውሳለች፤ አንድ ድምፅ ነው፣ ሦስት ሰው ባለበት ኮሚቴ አንድ ድምፅ ትልቅ ነው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሰብሳቢዋ መምህሯን «ትምህርቱ ይገባቸዋል?» ስትላት፣ መምህሯ «ይጠይቋቸው» አለች። ሰብሳቢዋ አልጠየቀችም። ባለ ታብሌቱ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ ይሄን ፕሮግራም አንለውም» አለ። መምህሯ «እርስዎ ሲወለዱ ምን እየጻፉ ነበር?» አለችው። እማማ ለምን ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ የአለቃ ተራ ደረሰ። ጣውላውን አስተካከለ። ስለ እናቱ ተጫነ፤ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው ተቀመጡ። እህቱን ጠራ፤ መጥታ ተጫነች። የራሱን ተጫነ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀና አለ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጦ አንድ ወንበር ይጠባበቃል።

«ቆመ እኮ» አለ ባለ ታብሌቱ።

«አልቆመም። እየጠበቀ ነው» አለ አለቃ።

ሰብሳቢዋ ወደ አራተኛው ቁልፍ ጎንበስ አለች። ጸጉረ ጎፈሬውን ጎረምሳ አይታ «ይሄስ የማን ነው?» አለች።

«የወንድም ጋሼ ነው።»

«የት ነው እሱ?»

«ይኸው» አለ አለቃ፣ በጣቱ ወደ በሩ እያመለከተ።

የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ታላቅየው መላጣውን በእጁ አበሰ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ጸጉር የሚደብቅ ይመስል። «ከሌላ ሰው ጋር ቀላቅሎኝ ነው» አለ። ባለ ታብሌቱ ነገሩን ለማቅለል ጣቱን ወደ ቁልፉ ሲሰድ አለቃ በመዳፉ ከደነው። «የእሱ ነው። ሕግ ነው» አለ። «እንግዲህ አያልቅም ማለት ነው» አለ ባለ ታብሌቱ። «ማለቂያ የሌለው መጠበቅ ስሕተት ነው። እኛ ተንጠለጠለ ነው የምንለው።» ሰብሳቢዋ ግን ደግ ልትሆን ፈለገችና ወደ ታላቅየው ዞራ «ይጫኑለትና ደስ ይበለው እንጂ፤ ምን ይጎዳዎታል?» አለችው።

ይህ ነበር የምሕረቱ በር። ሳያምንም ሳይክድም፣ አንዲት ጣት ዘርግቶ የሚያልፍበት። ታላቅየው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ፎቶውን አየው፤ ሌላ ሰው ያላየውን፣ በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ትከሻው ላይ የቀረውን የታናሽየውን ትንሽ እጅ አየ። ፎቶው ሲነሣ ታናሽየው እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር፤ መቀሱ እጁን ከባለቤቱ ለይቶ እዚያው ተወው። ታላቅየው ወደ ኋላው ተመለሰ።

«ሥራ ላይ ነን፤ ቲያትር ውስጥ አልገባም» አለ። «ሰውዬው ተሳስቷል፣ አይፈረድበትም።»

«ሰውዬው?» አለች እህት።

አልጮኸችም። መጮኽ አስባ ድምፅ ያጣች ነው የምትመስለው። ከወንበሯ ተነሥታ በእሱና በበሩ መሐል ቆመች። «ዛሬ ጠዋት ፊቱ ተቀምጠህ ሻይህን ስታማስል ነበር። ዳቦውን ሲበላ አየኸው። ሰውዬው ያልከው የእናትህ ልጅ ነው፤ አንድ ጡት ነው የጠባችሁት። ዓይንህን በጨው አጥበህ መምጣትህን ባውቅ ኖሮ፣ ያን ፎቶ ሲቆራርጠው አልጮኽበትም ነበር። ድምፄን እሰጣችኋለሁ አልከኝ እኮ። ይኸው፣ ድምፅህን ሰማነው።»

እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ኮምፒውተር ብቻ ያጉረመርማል። ሰብሳቢዋ ለመልካም ነገር የተሰናዳው ፊቷ የሚያርፍበት ጠፍቶት «እውነት ነው እንዴ?» አለች። ታላቅየው ሰዓቱን አየ። «ሌላ ስብሰባ አለብን» አለና በእህቱ ጎን ሹልክ ብሎ፣ ልብሱ ልብሷን እንዳይነካው ጠርዙን ሰብስቦ ወጣ። ሰብሳቢዋ «ውሳኔውን እናሳውቃለን» ብላ ተከተለችው፤ ሽቶዋ ግን ትንሽ ቆየ። ባለ ታብሌቱ በሩ ላይ ዞር ብሎ ስክሪኑን አየ፣ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፣ ትቶት ሄደ።

እህት ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «ክፍሉን በገዛ አፌ አዘጋሁት» አለች መምህሯን ሳታይ።

«እትዬ፣ በዝምታሽ ተከፍቶ ከሚቆይ በአፍሽ ይዘጋ» አለች መምህሯ። ወፍራሙ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

እማማ ለምን ጣታቸውን ወደ አራተኛው ቁልፍ ቀስረው «ለምን አልተጫነም?» አሉ። እሳቸው ደግሞ ሳይመለስላቸው የሚተዉ ሴት አይደሉም። «ለምን?» አሉ ደግመው።

«ስላልፈለገ» አለ አለቃ።

እንባ አልነበረበትም። ጆሮው ግን ፍም መስሎ ነበር፤ የመንጋጋው ጡንቻ ብቅ ጥልቅ ይላል። እህቱ እንዲህ ያለ ፊት ያየችበት ጊዜ ትዝ አላላትም። ሲያዝን ታውቀዋለች፣ ሲኮርፍ ታውቀዋለች፤ የተቆጣ አለቃ ግን እንግዳ ነው፣ ድንገት ዕድሜውን የመሰለ። ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ጠብቅ» የሚለውን ትልቁን፣ ቁጥር የሌለውን ጡብ ያዘና ከቁልሉ መዝዞ ወደ ጎን ወረወረው። ሁለት አፍ ያለውን ጡብ ጎትቶ አመጣ። መምህሯ እጇን ወደ መዳፊቱ ስትዘረጋ «አትንኪ» አላት። እጇን ሰበሰበች።

የላይኛውን አፍ እንደበፊቱ ተወው፦ ከመጣ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጥ። የጥበቃውን ልክ የሚጽፍበት ቦታ ላይ ጣቱን እንዳንጠለጠለ ቆየ። አሥር ጻፈ። አየው። አጠፋውና አምስት አደረገው። ከዚያ ወራት ሙሉ ተከፍቶ የኖረውን የታችኛውን አፍ አየው። ጡቦቹን ከላይኛው ይልቅ በቀስታ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አንድ በአንድ ገጠማቸው፦ ካልመጣ፣ መብራት አብራ። ካልመጣ፣ ድምፅ አሰማ። ካልመጣ፣ ቀጥል።

መምህሯ ለዚህ ቀን ስንት ለፍታለች። ይህን ጡብ እዚህ ቦታ ሲገጥመው «ጎበዝ» ልትለው፣ ልታስጨበጭብለት አስባ ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ መረራት፤ ዋጠችው።

አለቃ ከመጀመሪያው ጀመረ። ስለ እናቱ ተጫነ። ዘወር ብሎ እህቱን አየ፤ መጥታ ተጫነች። የራሱን ተጫነ። ማሽኑ ቆጠረ፤ አለቃም አብሮት በጣቱ ቆጠረ፣ ተማሪዎቹም አብረው ቆጠሩ፣ እማማ ለምን አንድ ቁጥር ዘለሉ። ከዚያ ያ ጨለማ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ቦግ አለ። ጠረጴዛው ታየ፤ ለካ አለቃ ጠረጴዛው ላይ አራት ሰሐን ሥሎ ኖሯል፣ በጨለማ ማንም አላየውም። ከድምፅ ማጉያው ድሮ፣ ደስ ብሎት ሳለ የቀዳው የራሱ ድምፅ ወጣ፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብሉ።» አንዱ ወንበር ባዶውን በብርሃን ተቀምጧል። ማንም አላጨበጨበም።

የእህት ስልክ ወንበሯ ላይ መጮኽ ጀመረ። አነሣችው። የደወለው ማን እንደሆነ ስታይ አውራ ጣቷ መሐል ላይ ቀረ፤ መሳደብም አማራት፣ መስማትም አማራት፣ ክፍሉን ስታስብ ደግሞ ልቧ ትንሽ ተንበረከከ።

«ወንድም ጋሼ ነው?» አለ አለቃ፣ ከስክሪኑ ሳይዞር።

«አዎ።»

እንደገና ከመጀመሪያው ለማስነሣት እጁን ወደ ጣውላው ሰደደ። አራተኛውን ቁልፍ በጣቱ ዘሎ አለፈው።

«ይጠብቅ» አለ።